ኮምፔንሴተሩ ለሁለተኛው ጥይት ነው፤ የመጀመሪያው የራስህ ነው!

የኳስ ገጽ ላይ ሽጉጥ ምን አመጣው የምትሉ አንባቢያን አትጠፉም። ልክ ናችሁ። እኛ ሐዋሳዎች ስፖርት ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ኳስ ነው፤ ከኳስ ቀጥሎም ኳስ ነው! ዛሬ ግን የጣት ቁመት ስላላት አንዲት ብረት ላወራችሁ ነው። ስሟ ኮምፔንሴተር ይባላል። በከፊል አውቶማቲክ የውድድር ሽጉጥ አፈሙዝ ላይ የምትገጠም፣ የስፖርቱ ሰዎች ሲጨቃጨቁባት የኖሩ ብረት ናት። በእሷ ዙሪያ የሚነሳው ክርክር ደግሞ እኛ ስለ ታኬታ፣ ስለ መሮጫ ጫማ፣ አንዳንዴም ስለ ኳሱ ራሱ የምናነሳው ክርክር ነው። ያሸነፈው ሰውየው ነው ወይስ ዕቃው?

የእኔን መልስ ከመጀመሪያው ልናገር። ዕቃ ይጠቅማል። ባይጠቅምማ ኖሮ ሕግ አውጪዎቹ ሚሊ ሜትር እየለኩ ባልከለከሉት ነበር! ነገር ግን ነገሩ ተራ አለው። አንደኛ ሕጉ፣ ሁለተኛ እጁ (የኳስ ከሆነ እግሩ)፣ ሦስተኛ ዕቃው። ይህን ተራ የገለበጠ ሰው ገንዘቡንም ድሉንም ያጣል። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ትምህርት በአንድ ሴንቲ ሜትር የከፈልንበት ቀን አለ። እመጣበታለሁ።

እጁን ኪሱ የከተተው ሰውዬ

ከምናውቀው እንጀምር። በፓሪስ ኦሊምፒክ፣ እ.ኤ.አ በጁላይ 2024 ዓለምን ያነጋገረውን ቱርካዊ ታስታውሱታላችሁ። ዩሱፍ ዲኬች ይባላል፤ ያኔ 51 ዓመቱ ነበር። እንደ ጎረቤታችን ጋሼ የዘወትር መነጽሩን አድርጎ፣ ቲሸርቱን ለብሶ፣ ግራ እጁን ኪሱ ከትቶ ቆመና ከሼቫል ኢላይዳ ታርሃን ጋር በ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ድብልቅ ውድድር የብር ሜዳሊያ ወሰደ። ወርቁን የሰርቢያዎቹ ዞራና አሩኖቪች እና ዳሚር ሚኬች ነጠቁት። ሰው ሁሉ ያስታወሰው ግን ሁለተኛውን ነው። ስዊድናዊው የምርኩዝ ዝላይ ንጉሥ አርማንድ ዱፕላንቲስ እዚያው ፓሪስ 6 ሜትር ከ25 ዘሎ ክብረ ወሰን ሲሰብር የተደሰተው የዲኬችን አቋቋም አስመስሎ ነው። ኳስ ተጫዋቾችም ጎል ባገቡ ቁጥር እጃቸውን ኪስ በሌለው ቁምጣ ውስጥ ሊከቱ ሲታገሉ አየናቸው።

ከዚያ ወሬው ተነሳ። «ሰውየው ምንም ዕቃ ሳይዝ አሸነፈ!» ተባለ። ወሬው ግማሹ እውነት ነው። ሌሎች ተወዳዳሪዎች የሚያደርጉት ልዩ ሌንስና የዓይን መከለያ አልነበረውም። በእጁ የያዘው ግን ከሱቅ መደርደሪያ የተነሳ የልጅ መጫወቻ አልነበረም። ለውድድር ታስቦ የተሠራ የአየር ሽጉጥ ነው። ዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን ለዚህ ሽጉጥ ያወጣው ሕግ ክብደቱ ከ1 ኪሎ ከ500 ግራም እንዳይበልጥ፣ ምላጩ ከ500 ግራም ባነሰ ግፊት እንዳይለቅ፣ ሽጉጡ እንዳለ 42 በ20 በ5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን ውስጥ እንዲገባ ያዛል። ታዲያ በዚሁ ሕግ ለአየር ሽጉጥ አፈሙዙ ላይ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ይፈቀዳል። ስለዚህ ዲኬች ዕቃ ሳይኖረው አይደለም ያሸነፈው። የሚያስፈልገውን ይዞ የማያስፈልገውን ትቶ ነው። ይህ ልዩነት ትልቅ ነው፤ ያዙልኝ።

ብረቷ ምን ትሠራለች?

አሁን ወደ ኮምፔንሴተሯ እንምጣ። ሽጉጥ ሲተኮስ ባሩዱ ይቃጠልና ጋዝ ይፈጥራል። ጋዙ ጥይቱን ከኋላ እየገፋ በቱቦው ያስወጣዋል። ጥይቱ ወደፊት ሲሄድ ሽጉጡ ወደኋላ ይራገጣል። ቱቦው ከተኳሹ እጅ በላይ ስለሆነ ግን ርግጫው ወደኋላ ብቻ አይሆንም፣ አፈሙዙ ሽቅብ ይዘላል። ተኳሹ ቀጣዩን ጥይት ለመተኮስ ያንን የዘለለ አፈሙዝ ወደ ዒላማው መመለስ አለበት። ሰዓት የሚበላው ይኼ ነው።

ኮምፔንሴተሯ ቱቦው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። ጀርባዋ ላይ ቀዳዳ አላት። ከጥይቱ ኋላ የሚግተለተለውን ጋዝ በዚያ ቀዳዳ ሽቅብ ትተፋዋለች። ጋዙ ወደ ላይ ሲወጣ አፈሙዙ ወደ ታች ይገፋል። የራሷ ክብደትም ጫፉን ይጫነዋል። በሁለቱ ተደምሮ ዝላዩ ይቀንሳል፤ ተኳሹ ቶሎ ወደ ዒላማው ይመለሳል። በቃ፤ ተአምር የለም።

እዚህ ጋ ግን ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። አፈሙዙ በደንብ ሽቅብ የሚዘለው ጥይቱ ከቱቦው ከወጣ በኋላ ነው። ስለዚህ ኮምፔንሴተሯ ለመጀመሪያው ጥይት ይህ ነው የሚባል እርዳታ የላትም። የመጀመሪያውን ጥይት ዒላማ ላይ የሚያሳርፈው የዓይን፣ የትንፋሽ፣ የአያያዝና የጣት ሥራ ነው። ተኳሹ ምላጩን በድንጋጤ ቢጎትተው ጥይቱ ገና ሳይወጣ አፈሙዙ ተዛንፏል። ያንን ስህተት የምታርም ብረት አልተሠራችም! ኮምፔንሴተሯ ሥራዋ ለሁለተኛው፣ ለሦስተኛው፣ ለአምስተኛው ጥይት ነው።

በኳስ ቋንቋ እንነጋገር። የመጀመሪያው ጥይት «ፈርስት ተች» ነው። ኳሷ ከእግርህ ሦስት ሜትር ከሸሸች በዓለም ላይ አለ የተባለ ታኬታ አድርገህም ከሆነ ተከላካዩ ቀድሞ ወስዷታል። ጥሩው ታኬታ የሚጠቅመው ኳሷን ካቆምካት በኋላ ስትታጠፍ፣ ስትፈጥን፣ እርጥብ ሜዳ ላይ ስትቆም ነው። ሁለተኛው ነገር ያማረው የመጀመሪያው ሲያምር ነው።

ልግዛ ላለ ሰው ሦስት ጥያቄዎች

አንድ የውድድር ተኳሽ «ኮምፔንሴተር ልግዛ ወይ? የትኛውን?» ሲል ስለ ቀለሟና ስለ ስሟ ከመጠየቁ በፊት ሦስት ጥያቄ መመለስ አለበት። ጥያቄዎቹን የማነሳው እናንተን ተኳሽ ላደርግ አይደለም። ዕቃ እንዴት እንደሚመረጥ ስለሚያስተምሩ ነው።

አንደኛው፦ የምወዳደርበት ሕግ ይፈቅድልኛል ወይ? በኦሊምፒክ የ25 ሜትር ውድድር ኮምፔንሴተርም ሆነ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ክልክል ነው። እ.ኤ.አ በ1976 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የተግባራዊ ተኩስ ኮንፌዴሬሽን ደግሞ ሽጉጦችን እንደ ኳስ ሊግ በዲቪዚዮን ይከፋፍላል። «ኦፕን» በሚባለው ዲቪዚዮን ኮምፔንሴተርም የመነጽር ማነጣጠሪያም ይፈቀዳል። «ስታንዳርድ» እና «ፕሮዳክሽን» በሚባሉት ግን ኮምፔንሴተር አይፈቀድም። እንግዲህ በ«ፕሮዳክሽን» ሊወዳደር ያሰበ ሰው ውድ ኮምፔንሴተር ቢገዛ ሊጉ የማይመዘግብለትን ተጫዋች እንዳስፈረመ ክለብ ነው። ፎቶ ይነሳበታል እንጂ አያሰልፈውም!

ሁለተኛው፦ የምተኩሰው ጥይት ለብረቷ የሚበቃ ጋዝ አለው ወይ? ኮምፔንሴተር ምግቧ ጋዝ ነው። 0.22 ኢንች የሆነችው ትንሿ ጥይት የምትሰጠው ጋዝ ጥቂት ስለሆነ ብረቷ ከጌጥነት ብዙም አትዘልም። በ«ኦፕን» ዲቪዚዮን ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ የጥይቱ ጉልበት ራሱ ነጥብ አለው። የጥይቱ ክብደት በግሬን፣ ፍጥነቱ በሰከንድ በጫማ ተለክቶ ሁለቱ ይባዙና ለ1,000 ይካፈላሉ። ውጤቱ 160 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ተኳሹ «ሜጀር» ይባላል። ለምሳሌ 124 ግሬን የሚመዝን ጥይት በሰከንድ 1,300 ጫማ ቢበር 161.2 ይመጣል፤ አለፈ ማለት ነው። ዒላማው መሃል ላይ የመታ ሰው ጉልበቱ ምንም ይሁን ምን 5 ነጥብ ያገኛል። ከመሃል ለጥቆ ያለውን ክፍል የመታ ግን «ሜጀር» ከሆነ 4፣ ካልሆነ 3 ነው የሚያገኘው። ስለዚህ ተኳሹ ለነጥቡ ሲል ኃይለኛ ጥይት ይመርጣል፣ ኃይለኛው ጥይት ይራገጣል፣ ግን ብዙ ጋዝ አለው፣ ያ ጋዝ ደግሞ ኮምፔንሴተሯን ያሠራታል። ብረቷ ደመወዟን የምታገኘው እዚህ ቦታ ነው።

ሦስተኛው፦ ከሽጉጤ ጋር ትስማማለች ወይ? ኮምፔንሴተር በብሎን ጥርስ ቱቦው ላይ ትታሰራለች፤ ከቱቦው ጋር አንድ ሆና የምትሠራም አለች። ብዙዎቹ ከፊል አውቶማቲክ ሽጉጦች በተተኮሱ ቁጥር የላይኛው ክፍላቸው ወደኋላ ይንሸራተታል፣ ቱቦውም አብሮ ትንሽ ዘንበል ይላል። በዚያን ጊዜ ባዶው ቀለህ ይወጣል፣ አዲሱ ጥይት ይገባል። ቱቦው ጫፍ ላይ ክብደት ስትጨምሩበት ይህ እንቅስቃሴ ይከብዳል። ጥይቱ ደካማ ከሆነ ቀለሁ ሳይወጣ ይቀረቀራል። ስለዚህ መመለሻው ሞላ አብሮ መስተካከል አለበት። ሞላው ሲበዛ ከላላ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። ከሁሉ በላይ የብረቷ ቀዳዳ ከቱቦው ቀዳዳ ጋር ቀጥ ማለት አለበት። ትንሽ ከተዛነፈ ጥይቱ ሲወጣ ብረቷን ይነካታል፤ ያ ዒላማ ማበላሸት ብቻ ሳይሆን አደጋ ነው። ተገጥሞም አላለቀም። ውድድር በሚተኮስበት በዚያው ጥይት ደጋግሞ መሞከር ያስፈልጋል። ድምፁና ብልጭታው ይጨምራል፤ ሽጉጡ ስለረዘመ የድሮው ማኅደር አይበቃውም።

አያችሁ? አንድ ዕቃ ስትጨምሩ ሌላው ሁሉ ይነካል። ይኼ ለኳስ ተመልካች አዲስ ነገር አይደለም። አጥቂ ገዝቶ አማካዩን ሳያስተካክል ያሰለፈ አሠልጣኝ ምን እንደሚገጥመው በየሳምንቱ እናያለን። አጥቂው ጎበዝ ነው፣ ቡድኑ ግን ተቀረቀረ! ሞላው አልተስተካከለማ!

ለነገሩ ይህ ሥራ የሙያው ሰው ሥራ እንጂ የሠፈር ቶርኖ ቤት ሥራ አይደለም። በአገራችን ደግሞ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፤ የመሣሪያን ነገር በፈቃድ ያሠረ ሕግ ነው። ስለዚህ «እቤት ያለችው ላይ ልሞክራት» የሚል አንባቢ ካለ ከወዲሁ እጁን ኪሱ ይክተት፤ እንደ ዲኬች!

ብረቱ ሲወሰድ ሰውየው ቀረ

«እሺ፣ ዕቃው ቢነጠቅ ሰውየው ምን ይሆናል?» ለሚለው ጥያቄ ታሪክ ጥሩ መልስ አለው። ጀርመናዊው ራልፍ ሹማን በ25 ሜትር ፈጣን ተኩስ የኦሊምፒክ ንጉሥ ነበር። ፈጣን ተኩስ ማለት ለአምስት ዒላማ አምስት ጥይት ነው፤ መጀመሪያ በ8 ሰከንድ፣ ቀጥሎ በ6፣ በመጨረሻ በ4 ሰከንድ። ሹማን እ.ኤ.አ በ1988 ሴኡል ላይ ብር፣ በ1992 ባርሴሎና፣ በ1996 አትላንታ እና በ2004 አቴንስ ወርቅ ወሰደ። በእነዚያ ዓመታት ለፈጣን ተኩስ የተሠሩት ሽጉጦች አጭር የ0.22 ጥይት የሚጎርሱ፣ ርግጫቸው የተገራ፣ ቱቦቸውም ቀዳዳ የተበጀለት ነበሩ።

ከ2005 ጀምሮ ፌዴሬሽኑ ሕጉን ለወጠ። አጭሯ ጥይት ቀረች። ቀዳዳውም ኮምፔንሴተሩም ቀረ። ሁሉም ተኳሽ ይበልጥ በሚራገጥ ሽጉጥ እንደ አዲስ መማር ነበረበት። «አሁን የሹማን ዘመን አበቃ» ቢባል የሚገርም አልነበረም። ታዲያ በ2008 ቤይጂንግ ላይ ወርቁን ዩክሬናዊው ኦሌክሳንድር ፔትሪቭ ሲወስድ ሁለተኛ ሆኖ የቆመው ማን ነበር? የ46 ዓመቱ ራልፍ ሹማን! ዕቃውን ወሰዱበት፣ እጁን ግን ሊወስዱበት አልቻሉም።

ከእሱ በፊትም በዚሁ ውድድር ሃንጋሪያዊው ካሮሊ ታካች ነበር። እ.ኤ.አ በ1938 የእጅ ቦምብ ፈንድቶ የሚተኩስበትን ቀኝ እጁን ጎዳው። በግራው ተማረና በ1948 ለንደን፣ በ1952 ሄልሲንኪ ወርቅ ወሰደ። ለእንዲህ ያለው ሰው ምን ብረት ትገጥሙለታላችሁ?

የእኛዋ አንድ ሴንቲ ሜትር

አሁን ቃል የገባሁትን ላምጣ። እ.ኤ.አ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2021 በቪየና ማራቶን ኢትዮጵያዊው ደራራ ሁሪሳ 2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ በሆነ ጊዜ አንደኛ ገባ። ሁለተኛ የገባውን ኬንያዊ ሊዮናርድ ላንጋትን በ3 ሰከንድ ቀድሞታል። ደራራ አቅም የሌለው ሰው አይደለም፤ ከዚያ በፊት በ2020 የሙምባይ ማራቶንን አሸንፏል። ነገር ግን ቪየና ላይ ድሉ አልሰነበተም። ጫማው ሲለካ ሶሉ 5 ሴንቲ ሜትር ሆነ። የዓለም አትሌቲክስ የሚፈቅደው ለጎዳና ሩጫ 4 ሴንቲ ሜትር ነው። ተሰረዘ፤ ወርቁ ለላንጋት ሆነ።

42 ኪሎ ሜትር ሮጦ በ1 ሴንቲ ሜትር መሸነፍ! እዚህ ጋ ደራራን መውቀስ ቀላል ነው። እኔ ግን ጥያቄው ከእሱ ይሰፋል እላለሁ። አንድ ሯጭ ለውድድር ሲሄድ ከኋላው ማናጀር አለ፣ አሠልጣኝ አለ። ከእነዚህ መሃል አንድ ሰው ሕጉን አንብቦ፣ ማስመሪያ ይዞ፣ ከመነሻው በፊት ጫማውን ቢለካ ኖሮ ያ ልጅ ድሉን ይዞ ይመለስ ነበር። የኮምፔንሴተሯ የመጀመሪያ ጥያቄ ምን ነበር? «ሕጉ ይፈቅዳል ወይ?» ጥያቄው ከውድድሩ በፊት ሲጠየቅ ዋጋው የማስመሪያ ዋጋ ነው። ከውድድሩ በኋላ ሲጠየቅ ዋጋው ወርቅ ነው።

ተቃራኒውንም እንይ። እ.ኤ.አ በሴፕቴምበር 2023 ትዕግሥት አሰፋ በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ስትገባ የሴቶች የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። ያደረገችው ጫማ 138 ግራም የሚመዝን፣ 500 ዶላር የሚሸጥ ነበር። ወዲያው «ጫማው ነው!» የሚለው ወሬ ተነሳ። ጫማው አልረዳትም አልልም። ነገር ግን በሕግ የተፈቀደ፣ የተለካ ጫማ ነው። ሁለተኛ የወጣችው ሺላ ቼፕኪሩይ የገባችው በ2 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ከ49 ሰከንድ ነው። ስድስት ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት የቀረውን ልዩነት በጫማ ብቻ ማስረዳት የሚችል ሰው ካለ ይጻፍልን!

«አበበ በባዶ እግሩ አልሮጠም እንዴ?»

ይህን ርዕስ ባነሳን ቁጥር አንድ መልስ ይመጣል። «ወንድሜ፣ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ አሸንፎ የለም እንዴ? ዕቃ ምን ያደርጋል?» እውነት ነው። እ.ኤ.አ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮጦ ዓለምን አስደነቀ። ግን ታሪኩን ግማሹን ብቻ እየተረክን ራሳችንን እንሸነግላለን። በ1964 ቶኪዮ ላይ አበበ ጫማ አድርጎ ነው የሮጠው። ያውም የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ጥቂት ሳምንታት በኋላ! 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ፤ ከሮሙ በሦስት ደቂቃ የተሻለ። ኋላም የመኪና አደጋ ደርሶበት እግሮቹ መንቀሳቀስ ሲያቅታቸው በ1970 እንግሊዝ አገር በተካሄደው የስቶክ ማንድቪል የአካል ጉዳተኞች ውድድር ላይ በተሽከርካሪ ወንበር ቀርቦ ቀስት ወርውሯል። አዎ፣ የእኛው አበበ የዒላማ ስፖርተኛም ነበር!

ስለዚህ የአበበ ታሪክ «ዕቃ አያስፈልግም» አይልም። በእኔ አስተያየት ይህን ታሪክ ለልጆች ጫማ ላለመግዛት ሰበብ የሚያደርግ የስፖርት ኃላፊ አበበን አላወቀውም። የአበበ ታሪክ የሚለው «ሰውየው መጀመሪያ ነበር፤ ከዚያ ጫማው ሲመጣ ጨመረለት» ነው። በባዶ እግር ወርቅ፣ በጫማ ወርቅ። ተራው ይኸው ነው።

ወደ ሐዋሳ ስንመለስ

ይህች ከተማ ስለ እግር መማር አያስፈልጋትም። ሐዋሳ ከነማ በ1996 እና በ1999 የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ አንስቷል። እነ አዳነ ግርማና ሽመልስ በቀለ የወጡት ከዚህችው ከተማ ነው። እ.ኤ.አ በ2013 ደቡብ አፍሪካ ላይ ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰው ከወቅቱ ሻምፒዮን ዛምቢያ ጋር ሲገጥሙ ሳላዲን ሰኢድ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፣ በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ወጣ፣ ቡድናችን በ10 ሰው ቀረ። ከኋላ ተነስቶ ጎሏን ያገባው አዳነ ነው። 1 ለ 1! ያን ቀን አዳነ ያደረገውን ታኬታ ስም የሚያስታውስ ሰው አላውቅም። እግሩን ግን አገር ያስታውሰዋል።

ዛሬ ግን የሠፈራችንን ልጆች ስታዩ ወሬያቸው ሁሉ የታኬታ ስም ነው። እገሌ የሚያደርገው፣ እገሌ የሚያስተዋውቀው። ወላጅ ከሌለው ላይ ቆርጦ ይገዛል፤ ከሳልቫጅ ተራም ቢሆን ፈልጎ ያመጣል። ልጁ ጫማውን አድርጎ ሜዳ ይገባና ኳሷ አሁንም ሦስት ሜትር ትሸሸዋለች። ያኔ ልጁ «ታኬታው ኦሪጂናል ስላልሆነ ነው» ይላል። ልጁን ያሳሳቱት ትልልቆቹ ናቸው። ሁለተኛውን ጥይት እያሳየን የመጀመሪያውን ረሳንበት።

መፍትሔው ታኬታ መከልከል አይደለም። ልጅ በተቀደደ ጫማ ይጫወት የሚል ሰው ልጅ አይወድም። ያለችው ብር ግን በተራው ትዋል። መጀመሪያ አሠልጣኝ፣ ኳስ፣ ደኅና ሜዳ። ከዚያ ከልጁ እግርና ከሜዳው ጋር የሚስማማ ጫማ፤ ስሙ የፈለገው ይሁን። ክለቦችና የሩጫ ቡድኖች ደግሞ ሕግ የሚያነብ አንድ ሰው ይመድቡ። ስሙን «የማስመሪያ ሰውዬ» በሉት! የጫማውን ሶል፣ የማልያውን ቁጥር፣ የተጫዋቹን ምዝገባ ከውድድሩ አንድ ቀን በፊት የሚያይ ሰው። ደመወዙ ከአንድ ተሰርዞ ከቀረ ድል ይረክሳል።

እግረ መንገዴንም አንድ ነገር ልበል። ግብፆች እ.ኤ.አ በ2022 የተኩስ ስፖርት የዓለም ሻምፒዮናን ካይሮ ላይ አዘጋጅተዋል። እኛ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ የምናውቀው በሩጫ ብቻ ነው። አንድ ቀን በሕጉና በፈቃዱ መሠረት የዒላማ ስፖርት በአገራችን እናስፋፋ ከተባለ መነሻው ባሩድም ኮምፔንሴተርም መሆን የለበትም። 10 ሜትር አዳራሽ፣ የአየር ሽጉጥ፣ ጥሩ አሠልጣኝ ይበቃል። በዚያ ውድድር 10 ነጥብ የሚያሰጠው ክብ ስፋቱ 11.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሸሚዝ ቁልፍ ታክላለች። ያቺን ቁልፍ በ10 ሜትር ርቀት ደጋግሞ መምታት የቻለ ልጅ ከተገኘ ያን ጊዜ ስለ ዕቃው እናወራለን። ያልተገኘ እንደሆነ ደግሞ ዕቃው ቢመጣም ሳጥኑ ውስጥ ይቀመጣል።

ለማንኛውም ነገሩ ይኼው ነው። ዕቃን የናቀ ተላላ ነው፤ ዕቃን ያመለከም ተላላ ነው። ሕጉን አንብብ፣ እጅህን ሥራ፣ ከዚያ ብረቷን ግጠም። በተራው ከመጣች ኮምፔንሴተሯ ሁለተኛውን ጥይት ታሳምርልሃለች። የመጀመሪያውን ግን ማንም አይተኩስልህም። ቸር እንሰንብት!